«ጠንካራ ከሆንሽ ትድኛለሽ» የሚለው አባባል ከየት መጣ? የጡት ካንሰርና የጽናት ታሪክ

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ሰውነት አሠራር የሚያወራውን ክፍል አብሮኝ የሚሠራ የባዮሎጂ መምህር አይቶልኛል፤ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። በእኛ በዶዮገና፣ በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ፣ ሰው ታመመ ሲባል ቤቱ በጠያቂ ይሞላል። ጥሩ ባህል ነው። ታማሚዋ የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ከሆነች ግን ምን እንደምንላት ይጠፋናል። ስለዚህ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር እንላታለን፦ «አይዞሽ፣ ጠንካራ ሁኚ፣ ዋናው የአንቺ ጥንካሬ ነው፣ ጠንካራ ከሆንሽ ትድኛለሽ።»

በፍቅር ነው የምንለው፤ ክፋት የለበትም። ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ሴትዮዋ ካረፈች ለቅሶ ላይ አንዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እሷም እኮ ተስፋ ቆርጣ ነበር» ይላል። አጠገቡ ያለው ራሱን ይነቀንቃል። እንግዲህ ምን አደረግን ማለት ነው? ሟቿን በገዛ ሞቷ ጥፋተኛ አድርገን ቀበርናት። ልጆቿም እዚያው ተቀምጠው ይሰማሉ። እንዲህ ያለውን ወሬ ሰምተው ከሳምንት በኋላ ክፍል ውስጥ ፊቴ የሚቀመጡ ተማሪዎች አሉ። እናታቸው ትንሽ ጠንከር ብትል ኖሮ ትተርፍ እንደነበር አምነው የሚያድጉ ልጆች ማለት ነው። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከሁሉ በፊት ለእነሱ ነው።

ጥያቄው ይኸውና፦ የአንዲት ሴት ጽናት በሰውነቷ ውስጥ ካለው በሽታ ጋር ግንኙነት አለው ወይስ የለውም? መልሱን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ግንኙነት አለ። ነገር ግን እኛ በምናስበው መንገድ አይደለም። ሰው ይህን ለማወቅ በጣም ረጅም ጊዜ ፈጅቶበታል፤ እስኪ መንገዱን አብረን እንሂድበት።

1. ንግሥቲቱ የደበቀችው እብጠት

ስለ ጡት እብጠት ከተጻፉት ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ የተጻፈው በግብፅ ነው። ኤድዊን ስሚዝ ፓፒረስ ይባላል፤ አሁን ያለው ቅጂ ከክርስቶስ ልደት በፊት 1600 ዓመት ገደማ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው 48 የሕመም ዓይነቶችን በየተራ ይዘረዝራል፤ ለአብዛኞቹ ምን መደረግ እንዳለበት ይናገራል። በጡት ላይ ያለው ጠንካራና ቀዝቃዛ እብጠት ላይ ሲደርስ ግን ሕክምና እንደሌለው ጽፎ ያልፋል።

ከዚያ ግሪካዊው የታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ ስለ አቶሳ ይተርክልናል። አቶሳ የታላቁ ቂሮስ ልጅ፣ የፋርሱ ንጉሥ የዳርዮስ ሚስት ናት። ከዓለም ኃያል ሴቶች አንዷ ነበረች። ጡቷ ላይ እብጠት ወጣባት። ትንሽ በነበረ ጊዜ አፍራ ደበቀችው፤ ለማንም አልተናገረችም። ሲብስባት ነው ዴሞሴዴስ የሚባለውን ግሪካዊ ሐኪም ያስጠራችው፤ እሱም እንዳዳናት ሄሮዶቱስ ይናገራል። ልብ በሉ፤ 2,500 ዓመት አልፎታል። የዛሬዋ የገጠር እናት የምታደርገውን ያኔ ንግሥቲቱ በቤተ መንግሥት ውስጥ አድርጋዋለች። ስለዚህ መደበቅ የድህነት ወይም ያለመማር ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ሐፍረት ነው።

«ካንሰር» የሚለው ስም ራሱ የመጣው ከግሪኮች ነው። በሂፖክራተስ ዘመን የነበሩ ሐኪሞች ካርኪኖስ አሉት፤ ሸርጣን ማለት ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ነቀርሳ ይለዋል፤ ስሙን መጥራት ከከበደው «ያ ክፉ በሽታ» ብሎ ያልፈዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ደረስን። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጋለን የሚባል ታላቅ ሐኪም ተነሣ። በእሱ ትምህርት የሰው ጤና በ4 ፈሳሾች ሚዛን ላይ የቆመ ነው፤ ከእነዚህ አንዱ ጥቁር ሐሞት ነው። ጥቁር ሐሞት ሲበዛ ሰው ያዝናል፣ ይተክዛል፤ ይኸው ጥቁር ሐሞት አንድ ቦታ ሲረጋ ደግሞ ካንሰር ይሆናል አለ። ስለዚህ ትካዜ የሚያጠቃቸው ሴቶች ከደስተኞቹ ይልቅ በጡት ካንሰር ይያዛሉ ብሎ ደመደመ። የጋለን መጻሕፍት በአውሮፓም በዓረቡም ዓለም ከ1,000 ዓመት በላይ የሕክምና መማሪያ ሆነው ቆዩ። ያዘነች ሴት በኀዘኗ በሽታዋን አመጣች የሚለው ሐሳብ እንግዲህ የቆየ ነው። ለቅሶ ቤት በሹክሹክታ የምንሰማው ወሬ የዚያ ዘመን ርዝራዥ ነው ብል ብዙም አልሳሳትም።

2. ጮኻ ያለቀሰችው ጽኑ ሴት

ጽናት ማለት አለማልቀስ ነው ብለው ለሚያስቡ አንድ ታሪክ ልንገር። ፋኒ በርኒ እንግሊዛዊት ደራሲ ናት። ባሏ ፈረንሳዊ ስለነበር ፓሪስ ትኖር ነበር። ጡቷ ላይ እብጠት ተገኘባትና መስከረም 30 ቀን 1811 በቤቷ ውስጥ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ከሐኪሞቹ አንዱ የናፖሊዮን ጦር ዝነኛ ቀዳጅ ላሬ ነበር። ያኔ ማደንዘዣ የሚባል ነገር የለም፤ ኤተር ለቀዶ ሕክምና የታወቀው በ1846 ነው። አስቡት፤ ነቅታ፣ እያየች፣ እየሰማች ነው ጡቷ የተቆረጠው።

ከወራት በኋላ ለእህቷ በጻፈችው ረጅም ደብዳቤ ቢላዋው እስኪነሣ ድረስ ሳታቋርጥ እንደጮኸች ትናገራለች። ስለዚያ ቀን ለመናገርም ሆነ የጻፈችውን መልሶ ለማንበብ ለብዙ ጊዜ አቅም እንዳጣች ትገልጻለች። ይህች ሴት ታዲያ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራ በ1840 በ87 ዓመቷ ነው ያረፈችው። ጩኸቷ አልገደላትም። ፍርሃቷም አልገደላትም። እንግዲህ የታመመች ሴት ስታለቅስ «አታልቅሺ፣ ይብስብሻል» የምንል ሰዎች ይህን እናስታውስ።

ከ1880ዎቹ ጀምሮ አሜሪካዊው ዊልያም ሃልስቴድ ጡቱን፣ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብት እጢዎችን አንድ ላይ የሚያነሣ ከባድ ቀዶ ሕክምና አስፋፋ። ይህ ዘዴ ለ80 ዓመት ገደማ ዓለምን ገዛ። ሴቶቹ ሕይወታቸው ቢተርፍም ክንዳቸው ያብጣል፣ ደረታቸው ይጎደጉዳል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስለሱ አይወራም። ባል አያነሣው፣ ጋዜጣ አይጽፈው፣ ሐኪሙም ምንም አይል።

ዝምታውን የሰበሩት ራሳቸው ሴቶቹ ናቸው። በ1952 ኒው ዮርክ ውስጥ ቴሬዝ ላሰር የምትባል ሴት ጡቷን ከተቆረጠች በኋላ ክንዷን እንዴት እንደምታንቀሳቅስ፣ ምን እንደምትለብስ፣ ለቤተሰቧ ምን እንደምትል የሚነግራት አጣች። እሷ ግን ከዳነች በኋላ እንደሷ የተቆረጡ ሴቶችን አልጋቸው ድረስ እየሄደች መጠየቅ ጀመረች። ያለፈበት ሰው ለሚያልፍበት ሰው የሚደርስበት ይህ ሥራ በኋላ ብዙ አገር ደረሰ። በመስከረም 1974 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሚስት ቤቲ ፎርድ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት አልደበቀችውም፤ ለሕዝብ ተነገረ። በዚያ ሰሞን ጡታቸውን ለመመርመር የሚሄዱ ሴቶች ቁጥር በእጅጉ ጨመረ። አንዲት ሴት ተናገረች፤ ብዙዎች ተመረመሩ። አቶሳ ደበቀች፣ ቤቲ ተናገረች፤ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ይኸው ነው።

3. ጭንቀት ሰውነት ውስጥ ምን ይሠራል?

እዚህ ላይ ባዮሎጂ ይገባል። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አሜሪካዊው ዋልተር ካነን እንስሳ ሲፈራ ሰውነቱ ምን እንደሚሆን አጠና። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት አድሬናል እጢዎች አድሬናሊን ይለቃሉ፤ ልብ ይመታል፣ ስኳር ወደ ደም ይገባል፣ ሰውነት ለመሸሽ ወይም ለመታገል ይዘጋጃል። ጅብ ሲመጣ በጣም ጠቃሚ ነገር ነው።

በ1936 ደግሞ ሞንትሪያል ውስጥ ይሠራ የነበረው ሃንስ ሴሊዬ አይጦችን በብርድ፣ በቁስል፣ በመርዝ ለረጅም ጊዜ ሲያስጨንቃቸው ሦስት ነገር አየ፦ አድሬናል እጢያቸው ያብጣል፣ ለመከላከያ ኃይል የሚያገለግለው ታይመስ የሚባለው ክፍል ይኮማተራል፣ ጨጓራቸው ይቆስላል። ጅቡ አልሄድ ሲል ማለት ነው። ለአጭር ጊዜ የሚጠቅመው ነገር ሲረዝም መልሶ ሰውነትን ይበላል።

በ1975 ሮበርት አደርና ኒኮላስ ኮኸን ሌላ አስገራሚ ነገር አሳዩ። ለአይጦች ጣፋጭ ውኃ ሰጥተው ወዲያው የመከላከያ ኃይልን የሚያዳክም መድኃኒት ወጓቸው። በኋላ መድኃኒቱን ትተው ጣፋጩን ውኃ ብቻ ሲሰጧቸው የአይጦቹ መከላከያ ኃይል ተዳከመ። አንጎላቸው ጣዕሙን አስታውሶ ለሰውነታቸው ትእዛዝ አስተላለፈ እንደ ማለት ነው። እስከዚያ ድረስ ብዙ ሳይንቲስቶች የሰውነት መከላከያ ኃይል ከአንጎል ተለይቶ ለብቻው የሚሠራ ይመስላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ አእምሮና የመከላከያ ኃይል እንደሚነጋገሩ መካድ አስቸጋሪ ሆነ።

ዛሬ ዋናው መልእክተኛ ኮርቲሶል የሚባለው ሆርሞን እንደሆነ እናውቃለን። ኮርቲሶል በጤነኛ ሰው ጠዋት ከፍ ይላል፤ እየዋለ ሲመሽ ዝቅ ይላል። ጠዋት የሚያስነሣን፣ ማታ የሚለቀን እሱ ነው። ጭንቀት፣ ፍርሃትና እንቅልፍ ማጣት ሲረዝሙ ይህ ዑደት ይዛባል።

4. «የተዋጊ መንፈስ» በሚዛን ላይ

ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ «እንግዲያው ጠንካራ መንፈስ ያላት ሴት ከካንሰር ትድናለች» ማለት ቀላል ሆነ። በ1979 ለንደን ውስጥ ስቲቨን ግሪርና ባልደረቦቹ 69 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ተከታትለው ውጤቱን አሳተሙ። ከቀዶ ሕክምናው 3 ወር በኋላ «እታገለዋለሁ» ያሉት ሴቶች ተስፋ ከቆረጡት ይልቅ ከ5 ዓመት በኋላ የተሻለ ሁኔታ ላይ ተገኙ። «የተዋጊ መንፈስ» የሚለው ቃል ዓለምን ዞረ።

በ1989 አሜሪካዊው ዴቪድ ስፒግል ደግሞ ካንሰሩ የተሠራጨባቸውን 86 ሴቶች ይዞ ቀረበ። ከፊሎቹ በየሳምንቱ እየተገናኙ ስለ ሕመማቸው፣ ስለ ሞት፣ ስለ ልጆቻቸው ይነጋገሩ ነበር። የሚገናኙት በአማካይ 36.6 ወር ኖሩ፤ ያልተገናኙት 18.9 ወር። እጥፍ ማለት ነው! ስፒግል ራሱ እንዲህ ያለ ውጤት አልጠበቀም ነበር።

ሳይንስ ደግ የሚሆነው ግን የራሱን ሥራ ደግሞ ሲፈትሽ ነው። በ1999 በእንግሊዝ 578 ሴቶችን የያዘ ጥናት ወጣ፤ ከአጥኚዎቹ አንዱ ያው ግሪር ነበር። ውጤቱ ምን ሆነ? የተዋጊ መንፈስ መኖሩ ዕድሜን አላረዘመም። ከባድ ተስፋ መቁረጥ ያለባቸው ላይ ግን መጠነኛ ጉዳት ታይቷል። በ2001 ካናዳዊቷ ፓሜላ ጉድዊን የስፒግልን ዓይነት የሴቶች ስብሰባ በ235 ሴቶች ላይ ፈተነች፤ የተገናኙት 17.9 ወር፣ ያልተገናኙት 17.6 ወር። ምንም ልዩነት የለም። ስፒግልም ራሱ ደግሞ ሞክሮ በ2007 ባወጣው ጥናት በጥቅሉ የዕድሜ ልዩነት አላገኘም።

ታዲያ ስብሰባው ከንቱ ነበር? በፍጹም! በጉድዊን ጥናት የተገናኙት ሴቶች ጭንቀታቸውም ሕመማቸውም ቀንሶላቸዋል፤ በተለይ መጀመሪያ ላይ በጣም የተጨነቁት። ዕድሜ አልጨመረም፤ የቀረው ዕድሜ ግን የሚኖሩት ሆነ። ይህ ትንሽ ነገር ነው እንዴ?

እዚህ ላይ ቆም ብለን ለእነዚያ ልጆች ልንገራቸው፦ እናታችሁ የሞተችው ስላልታገለች አይደለም። ጥናቱ ተደርጎ፣ ተመዝኖ፣ ያንኑ ሐሳብ ያመነጨው ሰው ጭምር ተሳትፎበት መልሱ ተሰጥቷል።

5. ታዲያ ግንኙነቱ የት ነው ያለው?

ግንኙነት አለ ብያለሁና ላሳይ። በ2000 ሳንድራ ሴፍተንና ባልደረቦቿ ካንሰሩ የተሠራጨባቸውን 104 ሴቶች ምራቅ እየሰበሰቡ ኮርቲሶላቸውን ለኩ። ማታ ዝቅ ማለት ሲገባው ዝቅ የማይልባቸው ሴቶች ቀድመው ሞቱ፤ የተበላሹ ሕዋሳትን የሚያጠቁት የመከላከያ ሕዋሳትም በእነሱ ላይ ያነሱ ነበሩ። ይህ ጥናት ሁለቱ አብረው መሄዳቸውን ነው የሚያሳየን፤ አንዱ ሌላውን አመጣው ብሎ አይምልም። ቢሆንም ጭንቀት «የሐሳብ ነገር» ብቻ እንዳልሆነ፣ በምራቅ ውስጥ የሚለካ አካል እንዳለው ተረዳን።

በ2006 የወጣው ሌላው ጥናት ለእኔ ከሁሉም በላይ ነው። 2,835 የጡት ካንሰር የያዛቸው አሜሪካውያን ነርሶች ተጠኑ። ጥያቄው «ጠንካራ ነሽ ወይ?» አልነበረም፤ «ሰው አለሽ ወይ?» ነበር። የቅርብ ዘመድ፣ ጓደኛና ልጅ የሌላቸው፣ ብቸኛ የሆኑት ሴቶች ሰው ካላቸው ይልቅ በበሽታው የመሞት ዕድላቸው በእጥፍ ገደማ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ።

ሦስተኛው መንገድ ደግሞ በጣም ተራ ነው፤ መድኃኒት መዋጥ። በ2000 ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የደመረ ሥራ እንዳሳየው በድባቴ ውስጥ ያለ ታማሚ ሐኪም ያዘዘውን የመተው ዕድሉ ከሌላው 3 እጥፍ ነው። ያዘነ ሰው ቀጠሮ ይረሳል፣ ክኒኑን ይተዋል፣ «ምን ዋጋ አለው» ይላል። በዚህ በኩል ተስፋ መቁረጥ በእርግጥ ይገድላል፤ የሚገድለው ግን በጥቁር ሐሞት ሳይሆን ባልተዋጠ ክኒን ነው።

እንግዲህ «ሪዚሊየንስ» የሚሉት፣ እኛ ጽናት የምንለው ነገር፣ ምንድን ነው? ከ1955 ጀምሮ በካዋይ ደሴት የተወለዱ 698 ልጆችን ለአሥርት ዓመታት የተከታተለችው ኤሚ ቨርነር በከባድ ችግር ውስጥ አድገው ደህና የሆኑትን ስትመረምር ደጋግማ ያገኘችው ነገር ቢያንስ አንድ የሚያስብላቸው ሰው እንደነበራቸው ነው። ጽናት ሰው ደረቱ ውስጥ ይዞት የሚወለድ ድንጋይ አይደለም። በዙሪያው ባሉ ሰዎች የሚሠራ ነገር ነው።

6. ወደ አገራችን እንምጣ

በኢትዮጵያ ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች የመጀመሪያው የጡት ካንሰር ነው። ዓለም አቀፍ ግምቱ ለ2020 ወደ 16,000 የሚጠጉ አዲስ ታማሚዎችን ይናገራል። ከ2005 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ ከ1,000 በላይ ሴቶች ሲጠኑ አማካይ ዕድሜያቸው 43 ዓመት ገደማ ነበር። አሮጊት አይደሉም፤ ልጆቻቸው ገና ትምህርት ቤት ያሉ እናቶች ናቸው። አብዛኞቹ ሐኪም ፊት የሚቀርቡትም በሽታው ከገፋ በኋላ ነው።

የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ የተጀመረው በ1997 ነው። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ በመላ አገሪቱ ያለው የጨረር ማዕከል እሱ ብቻ ነበር። አሁን ጅማን ጨምሮ ሌሎችም ጀምረዋል። ከዶዮገና አዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለቀጠሮ መሄድ ማለት ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ ምግብ፣ አጃቢ፣ ከቤት የቀሩ ልጆች፣ ያልተፋቀ እንሰት ማለት ነው። እንዲህ ላለች ሴት «ጠንካራ ሁኚ» ማለት ወንዝ ሳታሻግሩ «ዋኚ» እንደ ማለት ነው።

አሁን ደግሞ ደስ የሚለውን ልንገራችሁ። በአገራችን የሚታዩት የጡት ካንሰሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሆርሞን የሚመገቡ ናቸው። ለእነዚህ ታሞክሲፈን የሚባል ክኒን አለ፤ በየቀኑ ለ5 ዓመት ይዋጣል፤ በዚህ ዓይነት ካንሰር ከተያዙት ውስጥ የሚሞቱትን በ3ኛ ያህል ይቀንሳል። ችግሩ 5 ዓመት ረጅም ነው። ሴትዮዋ ዳንኩ ብላ ትተወዋለች፣ ወይም ያልባታል፣ ወይም አለቀባትና የሚያመጣላት አጣች።

ከ2018 እስከ 2019 በደቡብ ኢትዮጵያ በ8 ሆስፒታሎች ጥናት ተደረገ። በከፊሎቹ ሆስፒታሎች ነርሶች ለዚሁ ሠለጠኑ፤ ሴቶቹን ስለ በሽታው ያስተምራሉ፣ በርኅራኄ ያማክራሉ፣ ስልክ ይደውላሉ፣ ክኒናቸውን መውሰዳቸውን ይከታተላሉ። በሌሎቹ የተለመደው አገልግሎት ቀጠለ። የተሳተፉት ሴቶች 162 ናቸው። ከዓመት በኋላ ነርስ የምትከታተላቸው ሴቶች ውስጥ 91.2 ከመቶው በሕክምናቸው ላይ ነበሩ፤ በሌሎቹ 77.8 ከመቶ። በመጠይቅ ሲጠየቁ መድኃኒታቸውን በአግባቡ የወሰዱት 70 ከመቶ ሲሆኑ በሌሎቹ 44.8 ከመቶ ብቻ ነበሩ።

ተመልከቱ እንግዲህ። ያቺ ነርስ አዲስ መድኃኒት አላመጣችም። ውድ ማሽንም አልያዘችም። ስልክ ደወለች። «ክኒንሽን ወሰድሽ? እንዴት አደርሽ?» አለች። ጽናት በባዮሎጂ ላይ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ሰው ይደውላል፣ ክኒን ይዋጣል፣ ክኒኑ ሥራውን ይሠራል።

7. እኛ ጋ ያለው ሀብት

ስልክ መደወልና ሰው ቤት መሄድ ከሆነ ነገሩ፣ ከምባታና ሀዲያ በዚህ ማን ይበልጠናል? በአማርኛ ሴራ ሲባል ተንኮል ይመስላል፤ እኛ ጋ ግን ሴራ ማለት አብሮ የመኖር ደንብ ነው፤ ማን ለማን እንደሚደርስ የሚታወቅበት። እድራችን ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ ገንዘብ ያዥ አለው። ሰው ሲሞት በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ነገር ዝግጁ ነው። ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፤ ይህ ሁሉ ለምን ሰው እስኪሞት ይጠብቃል? ለቀብሯ የምናወጣውን ከፊሉን ለቀጠሮዋ ብናወጣው ምን ይለናል?

ዝምታውንም መስበር እንደምንችል አይተናል። ከምባታ የወለደቻቸው ዶክተር ቦጋለች ገብሬ በ1997 ከምባታ መንቲ ጌዚማ ቶጴ የተባለውን ድርጅት ሲያቋቁሙ የሴት ልጅ ግርዛት በአደባባይ የሚነሣ ጉዳይ አልነበረም። እሳቸው ሰው ላይ አልጮኹም። ሽማግሌውን፣ እናቲቱን፣ ወጣቱን፣ የሃይማኖት መሪውን ዛፍ ሥር አስቀምጠው ደጋግመው አነጋገሩ። ሙሽሮች በአደባባይ «አልተገረዝኩም» ብለው እስኪያገቡ ድረስ ነገሩ ተለወጠ። ቦጋለች በ2019 አረፉ፤ መንገዱ ግን አለ። ስለ ግርዛት ዛፍ ሥር መነጋገር የቻለ ሕዝብ ስለ ጡት እብጠት መነጋገር አያቅተውም።

ስለዚህ የምለው ይህ ነው፦

ጡት ላይ ወይም ብብት ሥር እብጠት ያየች ሴት፣ ባያማትም፣ ዛሬ ነገ ሳትል ጤና ጣቢያ ትሂድ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ጊዜ አያምም፤ አለማመሙ ነው የሚያታልለው። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፤ ግን የሚያውቀው የመረመረ ብቻ ነው። ባሎችም «ከአዝመራ በኋላ ትሄዳለች» አትበሉ።

ጸሎትም ጠበልም የሚያጽናናት ከሆነ ይቀጥል፤ እኔም አማኝ ነኝ። ክኒኑንና ቀጠሮውን የሚያስቀር መሆን የለበትም። አገልጋዮቻችን «እየጸለይሽ መድኃኒትሽን ውሰጂ» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ከመድረክ ቢናገሩ ስንት ሰው ይተርፋል!

ልትጠይቋት ስትሄዱ «ጠንካራ ሁኚ» ከማለት ይልቅ «ቀጠሮሽ መቼ ነው? እኔ አብሬሽ እሄዳለሁ» በሏት። የብብት እጢዋ የተነሣላት ሴት ክንዷ ሊያብጥ ይችላል፤ እንሰቷን ፍቃችሁ ስጧት። ልጆቿን አንድ ሳምንት አሳድሩላት። ማታ ደውሉ። ስታለቅስ አታስቁሟት፤ አጠገቧ ተቀመጡ። ከኀዘን ብዛት ካልበላች፣ ካልተኛች፣ መኖር ከጠላች ደግሞ ይህ ራሱ የሚታከም ነገር ነው፤ ለሐኪሟ ንገሩ።

ያላችሁበት እድር ውስጥ በሚቀጥለው ስብሰባ «የታመመ ሰው ቀጠሮ አጃቢ» የሚል አንድ ነጥብ አስይዙ። ሁለት ሰው በተራ መመደብ ብቻ ነው። የኛ ሰፈር እድር ላይ እኔ አነሣዋለሁ፤ ምን እንደተባለ እዚሁ እጽፍላችኋለሁ።

በመጨረሻም ለተማሪዎቼ። እናታችሁ፣ አክስታችሁ ወይም እህታችሁ በዚህ በሽታ ካለፈች፣ ሰው «ተስፋ ቆርጣ ነው» ሲላችሁ አትቀበሉ። ይህ ከ1,800 ዓመት በፊት የተባለ፣ ተፈትኖ የወደቀ ወሬ ነው። እሷ የምትችለውን አድርጋለች። የቀረው የእኛ ድርሻ ነበር።

በዚህ በሽታ ያለፋችሁ ወይም ሰው ያስታመማችሁ ካላችሁ፣ ምን ነገር እንደጠቀማችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለሌላው ትምህርት ይሆናል። ለእናቶቻችሁና ለእህቶቻችሁም ሼር አድርጉላቸው፤ ማንበብ ለማይችሉት ደግሞ ቁጭ ብላችሁ አንብቡላቸው።

ቸር ያሰማን።